በቀይ የጻፍኩት «አልተስማማትም»

ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። ከሚሴና አካባቢዋ በሠራሁባቸው ዓመታት ከእጄ ያላለፈ የመድኃኒት ዓይነት የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከሁሉም የፈራሁት ግን አንዱን ነው፤ ፔኒሲሊንን። አልፎ አልፎ ሰው የሚገድል መድኃኒት ነውና መፍራትሽ ደግ ነበር ትሉኝ ይሆናል። እኔም ለብዙ ዓመት እንደዚያ ነበር የማስበው። በኋላ እንዳየሁት ግን የእኔው ፍርሃት ሐያት የምትባል ልጅን ልቧን ጎዳት። የሥራ ዘመንሽን ጻፊ ስባል መጀመሪያ ትዝ ያለችኝ እሷ ናት፤ ቀጥሎ ሥራ ያስተማሩኝ ጋሽ ይመር። ሁለቱንም አመሰግናለሁ፤ ለምን እንደሆነ ቀስ ብዬ እናገራለሁ።

የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ቆይቶ የምደባ ደብዳቤዬን ይዤ ጨፋ ሸለቆ ውስጥ ወዳለች ትንሽ ጤና ጣቢያ ወረድኩ። ደሞዙ ያው የጀማሪ ደሞዝ ነበር፤ እሱን ባላነሳው ይሻላል። ጤና ጣቢያዋ አምስት ክፍል፣ አንድ በላምባ የሚሠራ ማቀዝቀዣና አንድ ጋሽ ይመር ነበራት። ማቀዝቀዣው ቶሎ ቶሎ ይበላሻል፤ ጋሽ ይመር ግን አንድም ቀን አልቀሩም። በድሬሰርነት ጀምረው በጤና ረዳትነት ሽበት ያበቀሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ አማርኛና ኦሮምኛን በአንድ ትንፋሽ የሚያስኬዱ ሰው ነበሩ። በወረቀት እኔ አለቃቸው ነበርኩ። በሥራ ግን ማን ማንን እንደሚያዝ ለማወቅ አንድ ሳምንት አልፈጀብኝም።

መጀመሪያ ያስተማሩኝ ክኒን ማዘዝ ነው። እኔ እንደ ተማርኩት «በየስድስት ሰዓቱ አንድ» እያልኩ እሰጥ ነበር። አንዲት ሴትዮ በሦስተኛው ቀን ሆዷን ይዛ መጣች። ለካ ስድስት ሰዓት እስኪሆን ትጠብቅና የቀኑን አራት ክኒን ባንድ ላይ ከምሳዋ ጋር ትውጣለች። «ሲስተር፣ በስድስት ሰዓት አላልሽም እንዴ?» አለችኝ፣ እሷው ተቆጥታ። ጋሽ ይመር እስኪበቃቸው ከሳቁ በኋላ ወረቀቱን ተቀበሉኝና «ሰዓት በሌለበት አገር በሶላት ነው የሚታዘዘው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰደውን «ጠዋት ከሱብሒ በኋላ አንድ፣ ማታ ከመግሪብ በኋላ አንድ» ማለት ለመድኩ። የረሳ ሰው አልገጠመኝም ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ትምህርታቸው አሰልቺ መስሎኝ ነበር። ታካሚውን ያስቀምጡና «አካም ጅርታ? ነጋያ? ልጆቹስ? ከብቱስ?» እያሉ ሰላምታውን ያረዝሙታል። ታካሚው ለሁሉም «አልሐምዱሊላህ» እያለ ይመልሳል። ጨርሶ ሲያበቃ ጋሽ ይመር ዝም ይላሉ። እኔ በሩ ላይ የተኮለኮለውን ሰው እያየሁ እቁነጠነጣለሁ። ከዚያ በኋላ ነው «ከዚህ በፊት ያልተስማማህ መድኃኒት አለ?» የሚሉት። አለ ካላቸው «ከዚያስ?» ይላሉ። ቀጥለው «በአፍህ አትንገረኝ፣ በእጅህ አሳየኝ።»

ነገሩ የገባኝ ብዙ ሰው ካየሁ በኋላ ነው። ሆዱን ያቅለሸለሸው ሰው እጁ ወደ ሆዱ ይሄዳል። ያዞረው ግንባሩን ይይዛል። ፔኒሲሊን በእውነት የተጣላው ሰው ግን መዳፉን ያካል፣ ከንፈሩን ይነካል፣ ጉሮሮውን ጨበጥ ያደርጋል። «ምላስ ጨዋ ነው፣ ይሸፍናል፤ እጅ ግን የደረሰበትን ነው የሚያሳይ» ይሉ ነበር። በአፍ ሁሉም «አልተስማማኝም» ነው የሚለው፤ ያስመለሰውም፣ ያላዳነውም፣ ሞት አፋፍ የደረሰውም።

እኔ ግን ችኩል ነበርኩ። በአንድ የገበያ ቀን ፍየል ሊሸጥ የወረደ አንድ ነጋዴ እግሩ ቆስሎ አብጦ መጣ። ጋሽ ይመር ለሶላት ሊታጠቡ፣ ውዱእ ለማድረግ ወጥተዋል፣ ወረፋው ግቢውን ሞልቷል። መርፌውን እየቀዳሁ «ደህና ነህ? ፔኒሲሊን ይስማማሃል?» አልኩት፣ ባንድ ትንፋሽ። «አልሐምዱሊላህ» አለኝ። ወጋሁት።

ሽርጡን አስተካክሎ ሳይጨርስ «ሲስተር፣ መዳፌን በላኝ» አለ። ቀና ብዬ ሳየው ከንፈሩ አብጧል። ድምፁ ወፈረብኝ፣ ከዚያም አግዳሚው ላይ ዘፍ አለ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ጋሽ ይመር ክንዳቸው ውኃ እያንጠባጠበ ገቡ፤ ሰውየውን አጋድመው እግሩን አግዳሚ ላይ ሰቀሉትና አድሬናሊኑን ጭኑ ላይ ወጉት። ያ ሰው ትንፋሹ እስኪመለስ ያሳለፍኩትን ጊዜ ዛሬም ልለካው አልችልም። በማግሥቱ ቁጭ ብሎ ሾርባ እየጠጣ «ባቲ እያለሁ አንድ ቀይና ጥቁር እንክብል ውጬ ከንፈሬ እንዲሁ አብጦ ነበር» አለኝ። ያ እንክብል የፔኒሲሊን ዘመድ ነው። ታዲያ ስጠይቅህ ለምን አልተናገርክም ስለው «አልሐምዱሊላህ ያልኩት እኮ ለሰላምታሽ ነው» አለ፣ አዝኖልኝ።

ጋሽ ይመር አልተቆጡኝም። የመርፌውን ዕቃ እየቀቀሉ «ሰላምታና ምርመራ ባንድ ላይ አይጠየቅም፣ ልጄ» ብቻ አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ቁጣ ያልፋል፣ ይሄ ግን አብሮኝ ኖረ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ከሚሴ ወጥቼ ቀይ እስክሪብቶ ገዛሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ፔኒሲሊን ትንሽ እንኳ ያጉረመረመ ሰው ካርዱ ላይ በቀይ «ክልክል» ይጻፍበታል። ጋሽ ይመር አንድ ቀን ካርዶቹን ሲያገላብጡ «ይሄ ሁሉ ሰው ነው የተጣላው?» አሉኝ። «መጠንቀቁ ምን ይጎዳል ጋሼ?» አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ሌላ ነገር አላሉኝም። ብዙ ሳይቆዩ ጡረታቸው ደርሶ ወደ ሰንበቴ፣ ወደ ልጃቸው ቤት ሄዱ።

ሐያት የመጣችው እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ ፋጡማ ከሸለቆው ጫፍ፣ ዳገቱ ላይ ካለ መንደር ይዛት ትወርዳለች። ልጅቷ ጉሮሮዋን ታማ ከዳነች በኋላ ጉልበቷ አበጠ፤ ከጉልበቷ ወደ እጅ አንጓዋ ዞረ። የከሚሴ ሐኪም አይቷት ሕመሙ ከጉሮሮ ተነስቶ መገጣጠሚያን፣ ቀጥሎም ልብን የሚበላ መሆኑን ጽፏል። ልቧ ገና አልተነካም ነበር። እንዳይነካ የሚዋጥ ፔኒሲሊን በቀን ሁለት ጊዜ ለዓመታት እንድትወስድ አዘዘላት። ክኒኑ የልጅቷ አጥር ነበር፤ ጉሮሮዋ ሁለተኛ ታሞ በሽታው ወደ ልቧ እንዳይገባ የሚከለክል።

የመጀመሪያው ወር አልቆ ፋጡማ ለሁለተኛው መጣች። አማርኛዋ ያን ጊዜ ብዙም አልነበረም። ልጅቷ ክኒኑን ወስዳ እንደሆነ ስጠይቃት «ኢሺፍ ሂን ቶሌ» አለችና ቃሉን ፈልጋ በአማርኛ ደገመችልኝ፤ «አልተስማማትም።»

አላስቀመጥኳትም። «ከዚያስ?» አላልኳትም። ከኪሴ ቀዩን እስክሪብቶ አውጥቼ «ፔኒሲሊን አልተስማማትም፤ ክልክል!» ብዬ ጻፍኩ፣ ሁለት ጊዜም አሰመርኩበት። በምትኩ ኤሪትሮማይሲን ሰጠኋት። አንድ ነፍስ ያተረፍኩ መስሎኝ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር የዋልኩት።

ከዚያ በኋላ ወደ ከሚሴ ሐኪም ቤት ተዛወርኩ። ሐያትን ረሳኋት፤ ካርዱ ግን አልረሳትም። ኤሪትሮማይሲኑ አንዳንዴ ይጠፋል፤ ሲገኝ ደግሞ ሆዷን ያቃጥላታል። ልጅቷ አንድ ወር ትውጣለች፣ ሁለት ወር ትተዋለች። በዚህ መሐል ጉሮሮዋን ስንት ጊዜ እንደታመመች ማንም አልያዘውም። እናቷ ስትመላለስ ያዩዋት ነርሶች ሁሉ ቀዩን ያዩና ያልፋሉ። አልፈርድባቸውም። ካርድ ላይ በቀይ የተጻፈ ነገር ካለ እኔም ብሆን አልጠይቅም ነበር።

ከስድስት ዓመት በኋላ እኔ የምሠራበት ተመላላሽ ክፍል ገባች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ስትታይ ግን አሥራ አንድ ትመስላለች። ጥቂት ስትራመድ ታለከልካለች፣ ተደግፋ ካልሆነ መተኛት አትችልም። ወጣቱ ሐኪም ደረቷን ለረጅም ጊዜ ካዳመጠ በኋላ «የልቧ በር ጠቧል» አለ። ካርዷን ገለጠ። «ይህችን ልጅ ከዚህ የሚጠብቃት ፔኒሲሊን ነበር። ክልክል ብሎ የጻፈው ማን ነው?»

ጽሑፉ የእኔ ነው። የእኔ «ፔ» እግሯ ረዝማ ወደ ግራ ትጠመዘዛለች፤ መምህሬ ስንት ጊዜ የቀጣኝ ፊደል ናት። «ከጤና ጣቢያ የመጣ ካርድ ነው» አልኩት። ውሸት አይደለም፤ እውነትም አይደለም። ፋጡማ አጠገቤ ቆማ ነበር። አላወቀችኝም፤ ስድስት ዓመት ቀላል አይደለም፣ እኔም ወፍሬያለሁ።

ሐኪሙ ደግ ልጅ ነበር። «እንደገና ከታመመች የቀረው ልቧ አይተርፍም» አለኝ ለብቻዬ። «በእውነት የሚጣላት ከሆነ ሌላ እንፈልጋለን። ግን መጀመሪያ እርግጠኛ እንሁን። ኦሮምኛ ትችያለሽ፤ ታሪኩን ከእናቷ ጠይቂልኝ።» እሺ አልኩ። ግን እንዴት ብዬ ልጠይቃት? ብጠይቃት የጻፍኩት እኔ መሆኔ ሊወጣ ነው።

በማግሥቱ የሰንበቴ ገበያ ነበር፤ መኪና ተሳፈርኩና ጋሽ ይመር ዘንድ ሄድኩ። ልጃቸው ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዓይናቸው ሞራ ለብሶታል፤ በድምፄ ነው የለዩኝ። ሰላምታው እንደ ድሮው ረዘመ፤ ዘመድ አዝማዱን አንድ በአንድ ጠየቁኝ፤ እኔም «አልሐምዱሊላህ» ስል ቆየሁ። ከዚያ ዝም አሉ። ያ ዝምታቸው የልቤን አወጣው፤ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«እናቲቱ ምን አለችሽ?» አሉኝ።

«አልተስማማትም አለችኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በቀይ ጻፍኩበት።»

«ከዚያስ ስትያት ምን አለች?»

«አላልኳትም ጋሼ።»

ከዘራቸውን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወሩ። «እንግዲያው ገና አልጠየቅሻትም። እኔ ዘንድ ምን አመጣሽ? ተነሽ፣ መኪናው ሳያመልጥሽ።» ስወጣ ግን እጄን አልለቅ አሉኝ። «ያኔ ስለ ካርዶቹ ጠይቄሽ ዝም አልኩ። መናገር ነበረብኝ። አፉ በዪኝ» አሉ። ሰው ይቅርታ ሊጠይቅ ሄዶ ይቅርታ ተለምኖ ሲመለስ ምን እንደሚሰማው ያኔ አወቅሁ። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ሐዘን የደረሰብኝ መስሎት አላህ ያጽናሽ አለኝ።

ፋጡማን አስቀመጥኳት። ሰላም አልኳት፣ ስለ ማሽላው ጠየቅኳት፣ አልሐምዱሊላሁን አስጨረስኳት። ዝም አልኩ። ከዚያ «ሐያት ሕፃን እያለች ያ ነጭ ክኒን ምን አደረጋት? በእጅሽ አሳዪኝ» አልኳት በኦሮምኛ።

መዳፏን አላከከችም። ጉሮሮዋንም አልጨበጠችም። በሁለት ጣቷ ከንፈሯን ይዛ ፊቷን አጨማደደችና ወደ ጎን «እትፍ!» አለች። ክኒኑን እየፈጨች በወተት ትሰጣት ነበር። መራራ ስለሆነባት ልጅቷ ትተፋዋለች፤ በኋላ ወተቱን ራሱ ጠላች። «ወተት የማትጠጣ ልጅ ምን ትሆንልኛለች ብዬ ፈራሁ። አልተስማማትም አልኳቸው» አለችኝ። ሽፍታ? የለም። እብጠት? የለም። ማሳከክ? «ምን የሚያሳክክ ነገር አለው?» ብላ ገርሟት አየችኝ።

ሐኪሙ ይህን ሲሰማ በማግሥቱ ሊፈትናት ወሰነ። መጀመሪያ አድሬናሊኑን ቀድቼ በትሪ ላይ አስቀመጥኩ፣ ኦክስጅኑን አየሁ። ከዚያ በደም ሥር የሚሰጠውን ፔኒሲሊን አቀጠንኩት፣ ያቀጠንኩትን ደግሜ አቀጠንኩት። በቀጭኗ መርፌ ክንዷ ላይ፣ ከቆዳዋ በታች ሳይሆን ቆዳዋ ውስጥ፣ ምስር የምታክል ነጭ እብጠት እስክትወጣ ከተትኩ። አጠገቡ ለማነጻጸሪያ ውኃ ብቻ። ሁለቱንም በእስክሪብቶ ከበብኳቸው፤ በሰማያዊ። እብጠቷ ከክቡ ካለፈች፣ ዙሪያዋ ከቀላ ነገሩ አበቃ ማለት ነው። ሁለቱም እኩል ጠፉ።

ቀጥሎ የሚዋጠው ነው። ክኒኑን በምላጭ ከፍዬ ሩቡን ሰጠኋት። «አሁንም መራራ ነው» አለች። እናቷ ከነጠላዋ ጫፍ ቴምር ፈትታ አቀበለቻት። ጠበቅን። ከንፈሯን አየሁ፣ መዳፏን አየሁ፣ ትንፋሿን ቆጠርኩ። ከዚያ ሙሉውን ዋጠች፤ እንደገና ጠበቅን። የልብ ምቷን ስቆጥር ሁለት ጊዜ ተሳስቼ እንደገና ጀመርኩ። ቀትር ሲያልፍ ሐያት «ሲስተር፣ እንዲህ የምታፈጪብኝ ምን በድዬሽ ነው?» አለችኝ። ሐኪሙ ሳቀ። ምንም አልሆነችም።

ሐኪሙ ካርዱን ሰጠኝና «ቀዩን ሰርዢው፣ ቀን ጻፊና ፈርሚበት» ብሎ ወጣ። ሰርዤ፣ ፈርሜ፣ ዝም ብዬ ልመልሰው እችል ነበር። ማንም አያውቅም። ፋጡማ ግን ቴምሩን ለእኔም እየዘረጋችልኝ ነበር፤ ያን ቴምር ተቀብዬ መዋጥ አልቻልኩም።

«ፋጡማ፣ ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳት። «ያኔ አላስቀመጥኩሽም፣ አልጠየቅኩሽም። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ማንበብ አትችልም። የቱ እንደሆነ አሳዪኝ አለችኝ፤ አሳየኋት። ጣቷን ቀዩ መስመር ላይ አስኬደች። «ስድስት ዓመት ሙሉ ስታነቧት የኖራችሁት ይቺን ነው?» አለች። አዎ አልኳት። «ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር» አለች። ጮኻ ብትሰድበኝ እመርጥ ነበር። ቀጥላ ልጇን አየች፣ እኔን አየች፣ ቴምሩን እጄ ላይ አስቀመጠችው። «ከእንግዲህ ክኒኑን የምቀበለው ካንቺ እጅ ነው። በየወሩ። ሌላ ሰው አልቀበልም።»

እሺ አልኩ። ቅጣትም መስሎኝ፣ እምነትም መስሎኝ፤ ሁለቱም ነበር። ወር በገባ በመጀመሪያው የጨፋ ሮቢት ገበያ ክኒኑን ይዤ እወርዳለሁ፤ ሐያት ከሱብሒ በኋላ አንድ፣ ከመግሪብ በኋላ አንድ ትውጣለች። በረመዳን አንዱ በሱሑር ሌላው በኢፍጣር ይሆናል። አድጋ፣ ተምራ፣ እዚያው መንደሯ ውስጥ ልብስ ስፌት ጀመረች። የጠበበው የልቧ በር ተመልሶ አልሰፋም፤ ክኒን ያንን አያደርግም። ከዚያ ወዲያ ግን አልባሰባትም። በየዓመቱ ደረቷን ያዳመጠ ሐኪም «እንደ አምናው ነው» ሲል የማመሰግነው ጌታዬን ነው፣ ቀጥሎ ጋሽ ይመርን፣ ቀጥሎ ያን ወጣት ሐኪም፣ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ ፋጡማን። ሌላ እናት ብትሆን ደጃፌን ሁለተኛ አትረግጠውም ነበር። ላሠለጠንኳቸው ነርሶች ሁሉ የመጀመሪያው ትምህርቴ እጅ ማንበብ ሆነ፤ ያረጁ ካርዶችንም እያወጣሁ የራሴን ቀይ አንድ በአንድ አስጠይቄያለሁ። ብዙዎቹ የሚሰረዙ ሆነው አገኘኋቸው። ያልተሰረዙትም አሉ።

ጡረታ የወጣሁ ወር ለፋጡማ ነገርኳት። ከእንግዲህ ክኒኑን የምትሰጥሽ እገሊት ናት፣ ጎበዝ ልጅ ናት፣ ደንበኛ አድርጋ ትጠይቃለች አልኳት። ማሽላዋን እየሰፈረች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም። «አንቺን ያሰናበተሽ መንግሥት ነው። እኔ መቼ አሰናበትኩሽ?» አለችኝ።

ስለዚህ ዛሬም እሄዳለሁ። መድኃኒት ቤቱ በካርዷ ያስረክበኛል፤ በባጃጅ እስከ ዳገቱ ሥር፣ ከዚያ በእግሬ። ሐያት ወርዳ ትቀበለኝና አብረን እንወጣለን። ዳገቱ መሐል ላይ ትንፋሿ ያጥራታል፤ ትቆማለች፤ እኔም እቆማለሁ። «ደከመሽ እንዴ ሲስተር?» ትለኛለች፣ ለእኔ ብላ የቆመች አስመስላ።

«አዎ ልጄ፣ ደከመኝ» እላታለሁ።